እስኪጮህ ድረስ

ጋሽ ደምሴ መሞቱን በስልክ ሰማሁ። የደወለልኝ ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረው ሾፌሩ ከድር ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ሰዓዳ፣ ጋሽ ደምሴ አረፈ እኮ፤ ምስኪን!» አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከሞቱ ይልቅ «ምስኪን» የምትለዋ ቃል ከነከነችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል ላይ ግትር ነው፤ ያለ ቦታው ሲቀመጥ ያመዋል። አገራችን ውስጥ የሞተ ሁሉ ምስኪን ነው። ጋሽ ደምሴ ብዙ ነገር ነበር፤ ቀልደኛ ነበር፣ ሥራ አዋቂ ነበር፣ ንጹሕ ለባሽ ነበር። ምስኪን ግን አልነበረም። በቁሙ እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው ቢኖር ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ የሠራተኛው መሳቂያ ሆኖ ይሰነብት ነበር።

አንድ ነገር ላስቀድም። በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ነበር የምለው። እዚህ «እሱ» ብዬ የምጽፈው ሙት ለመድፈር አይደለም። በ«እርስዎ» ሥር ብዙ ነገር ይሸፈናል፤ እኔ ደግሞ መሸፈን አልፈለግሁም።

ድርጅታችን ጅግጅጋና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የመብራት መስመር የሚዘረጋ ተቋራጭ ነበር። ግቢው ከከተማው መውጫ ላይ ሆኖ የካራማራ ተራራ ከፊት ለፊቱ ተጋድሞ ይታያል። እኔ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቡሎኑ፣ ዳዶው፣ ከዳዶው ሥር የሚገባው ክብ ሮንዴላ፣ ሽቦው፣ ጓንቱ የሚወጣውም የሚገባውም በእኔ እጅ ነው። ጋሽ ደምሴ የመስመር ሠራተኞቹ ፎርማን ነበር። ሥራ አስኪያጁ የሚቀመጠው ድሬዳዋ ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ ብቅ ከሚልበት ቀን በቀር የግቢው ንጉሥ እሱ ነው።

አጭርና ቀጭን ነበር። በዚያ ሁሉ አቧራ መሀል ኮሌታው እንደነጣ ይውላል። ቀበቶው ላይ የማንም እጅ የማይነካት ትንሽ መዶሻ ነበረችው፤ ሲሄድ ጭኑን መታ መታ ታደርገዋለች፣ እኛም በሷ ድምፅ መምጣቱን እናውቃለን። ወሬው ይቆማል፣ የተቀመጠው ይነሳል፣ ጫት የያዘው ጉንጩን ያስተካክላል።

ያኔ ምሰሶ ማለት ባሕር ዛፍ ነው። ከደጋ ተቆርጦ፣ ጥቁር ዘይት ጠጥቶ፣ በከባድ መኪና ይመጣልናል። የጅግጅጋ ፀሐይ ከላይ ይሰነጥቀዋል፣ ምስጥ ከሥር ይበላዋል። ክፋቱ፣ ምስጥ ውስጡን ጨርሶ ገላውን ይተዋል፤ ከውጭ ደህና የሚመስለው ምሰሶ ሰው ሲወጣበት ከሥሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ማንም ባለ ጥፍሩን የመውጫ ብረት እግሩ ላይ ከማሰሩ በፊት ጋሽ ደምሴ ይመጣል። ይንበረከካል። ከምሰሶው ሥር አፈሩን በእጁ ይጠርጋል። በመዶሻዋ ቀስ አድርጎ ይመታና ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያች ሰዓት ከድር እንኳ ሞተር ያጠፋል። ከዚያ ወይ «ደህና ነው» ይላል፣ ወይ «ባዶ ነው»። ባዶ የተባለው ቀይ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይወጣበትም።

አንድ ቀን ቱሊ ጉሌድ ላይ፣ ገና ከመኪና የወረደ የሚመስል ጥቁር ምሰሶ ላይ አንድ ሠራተኛ እኩሌታውን ወጥቶ ሳለ ጋሽ ደምሴ ደረሰና መታ አደረገው። «ውረድ» አለ በቀስታ። ልጁ ሲወርድ ሦስት ሆነው ምሰሶውን ገፉት፤ እንደ ሸንኮራ ቀሽ ብሎ ወደቀ፣ ከውስጡም ምስጡ ፈሰሰ። ልጁ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ደምሴ መዶሻዋን ቀበቶው ላይ እየሰካ፣ «ምነው ተቀመጥክ? ሥራ አለ እኮ» ብሎት አለፈ። ሰዎቹ የሚፈሩት ስለሚቆጣ ብቻ አልነበረም። ነፍሳቸው የተንጠለጠለችው በጆሮው ላይ ነው።

ያንኑ ጆሮ ሰው ላይም ያውለው ነበር። አዲስ የቀን ሠራተኛ ሲቀጠር አሰልፎ ደረታቸውን በጣቱ አንጓ ይመታል፤ ጆሮውን ያዘነብላል። «ይሄ ባዶ ነው። ግን ለጉድጓድ ቁፋሮ ይሆናል፣ ግባ!» ሠራተኛው ይስቃል። ቀልዱ ያስቅ ነበር፣ ውሸት አልናገርም። ጎበዝ ቀልደኛ ባይሆን ኖሮ ያን ያህል ጉዳት ባላደረሰም ነበር።

ምላሱ የሚያዝ፣ ለመናገር የሚታገል አንድ ሠራተኛ ነበረን፤ ተካ ይባላል። ምሰሶ በገመድ ሲተከል አንድ ሰው ከፊት ቆሞ «ልቀቅ!» ብሎ መጮህ አለበት፤ ያኔ ገመድ የያዙት ሁሉ አንድ ላይ ይለቃሉ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሥራ ለተካ ሰጠው። «ምላሱን ላድንለት ነው» አለ። ተካ «ል... ል... ል...» ሲል፣ ገመዱ የሰዎቹን መዳፍ እየላጠ ሲንሸራተት፣ ጋሽ ደምሴ እንደ ዜማ አስተማሪ እጁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመራዋል። መዳፋቸው የተላጠው ሰዎች የሚቆጡት ማንን ነው? ተካን።

እኔን «ሊቅዬ» ነበር የሚለኝ። የማታ ትምህርቴን ጨርሼ ፈተና ያለፍኩ ዕለት ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «ሊቅዬ አልፋለች! ከነገ ጀምሮ ሮንዴላ የምትሰጠን በእንግሊዝኛ ነው፤ ያልገባው እጅ ያውጣ!» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን አይወድም ነበር። የማይጮህ ነገር ዕረፍት ይነሳው ነበር።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጨት በኛ ፀሐይ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ቡሎኑም ይላላል። ስለዚህ የጋሽ ደምሴ ሕግ አንዲት ነበረች፦ «እስኪጮህ አጥብቅ!» የቡሎን ማጥበቂያው ቁልፍ እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተው፣ ሁለት ሆነው ይጫኑታል፤ ብረቱ እንጨቱን እየነከሰ ሲገባ እንጨቱ ሲጥ ይላል። ያኔ ከታች ሆኖ እጁን ያነሳል። «ጮኸ፤ በቃው።» ለእንጨት ትክክል ነበር። እንደዚያ የጠበቀ ቡሎን ሲላላ አላየሁም።

ኢንጂነር መሐድ የመጣልን ይህ ሁሉ ከጸና በኋላ ነው። የጅግጅጋ ልጅ ነው። እናቱ ኤዶ ሀዋ፣ አክስት ሀዋ እንደማለት ነው፣ ወደ ቱሊ ጉሌድ መውጫ ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርድራ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር፤ ያስተማረችው በዚያው ወተት ነው። ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ፣ ሠራተኛውን ሁሉ በስሙ የሚጠራ ልጅ ነበር። እኔን «አባዮ ሰዓዳ» ይለኛል፤ እህት ማለቱ ነው።

መሐድ ይዞት የመጣው ሐሳብ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የሚሠራ የፋይበርግላስ ምሰሶ ነው። ሥራ አስኪያጁንም፣ ሥራውን የሚያሠራንን መሥሪያ ቤትም ለምኖ፣ በቱሊ ጉሌድ መንገድ ላይ አጭር መስመር እንዲሞከርበት አስፈቀደ። ሙከራው የዓመቱን ነፋስ ካለፈ ከዚያ ወዲያ የሚገዛው ሁሉ በእሱ ይተካል፤ ካላለፈ ወደ ባሕር ዛፍ መመለስ ነው። ስሙን ያስያዘው በእነዚያ ምሰሶዎች ላይ ነበር። ገና ሥራ መያዙ ነው፤ ሌላ የሚያስይዘው ነገርም አልነበረውም።

ምሰሶዎቹ መጥተው ግቢ ውስጥ ሲራገፉ ሁላችንም ወጥተን አየን። ግራጫ፣ ልሙጥ፣ ውስጣቸው ክፍት። ባሕር ዛፉን ስምንት ሰው እያቃሰተ የሚያነሳው፣ ይህን አራት ሰው እያወራ ተሸከመው። መሐድ በመሀል ቆሞ አስረዳ። ምስጥ አይበላውም። ውሃ አያበሰብሰውም። ለከሰል ብሎ የሚቆርጠው የለም። ባለ ጥፍር ብረት ስለማይዘው በመሰላል ነው የሚወጣበት። ከዚያ አንድ ቡሎን አነሳ።

«ዋናው ነገር ይሄ ነው» አለ። «ሰፊ ሮንዴላ ከውስጥም ከውጭም ይገባል፤ ከዚያ በእጅ ቁልፍ ብቻ፣ ያለ ቱቦ። ይሄ እንጨት አይደለም። ሲጮህ ተሰብሯል ማለት ነው።»

ጋሽ ደምሴ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ መዶሻዋን አወጣ፤ ተንበረከከ፤ መታ። ጆሮውን ለጠፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ባዶ ነው» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መሐድም አብሮ ፈገግ አለ። «ጋሽ ደምሴ፣ ሁሉም ባዶ ናቸው። እንደዚያ ሆነው ነው የተሠሩት።»

«እሱማ አውቃለሁ የኔ ልጅ። ዘንድሮ የሚሠራው ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ፖሉም፣ ኢንጂነሩም።»

መሐድ ያላየውን እኔ አየሁ። ጋሽ ደምሴ ከተንበረከከበት ሲነሳ ቀልዱ ፊቱ ላይ አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን የገነባው ጆሮ፣ የሚመታው ሁሉ ባዶ በሆነበት አገር ምን ይሠራል?

ምሰሶዎቹ ቆመው ሽቦ የሚሸከመው መስቀለኛ ብረት አናታቸው ላይ ሊታሰር ሲል ሥራ አስኪያጁ መሐድን ለሌላ ሥራ ጉናጋዶ ላከው። ሲሄድ ጋሽ ደምሴን፣ «አደራ፣ ያለ ቱቦ» አለው። ጋሽ ደምሴም «ሂድ ልጄ፣ በሰላም ግባ» ብሎ ግንባሩን ሳመው። በማግስቱ ጠዋት የቁልፉን ቱቦ ፈርሞ ከእኔ ወሰደ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ያለ ቱቦ ነው የተባለው» አልኩት።

«ሊቅዬ፣ አንቺ እቃ ስጪ። እኔ ቡሎን ላጥብቅ።»

መሐድ ሲመለስ መስመሩ ተዘርግቶ፣ መብራቱ በርቶ ጠበቀው። ደስታውን አልረሳውም፤ ለሠራተኛው ሁሉ ሻይ ጋበዘ፣ ጋሽ ደምሴን ሁለት ጊዜ አቀፈው። ነፋሱ መጥቶ አቧራው ከተማውን ባለበሰበት በመጀመሪያው ሳምንት ግን፣ ምሰሶዎቹ ከቡሎኑ ቀዳዳ ላይ እየተሰነጠቁ ጭንቅላታቸው ተንጠለጠለ። ሽቦው መንገድ ላይ ተኛ። ሽቦው የነካት አንዲት ግመል ሞተች። ሥራ አስኪያጁ ከድሬዳዋ መጣና ሁላችንንም ወደ ቦታው ይዞን ሄደ።

መሐድ ከወደቀው አንዱን አገላብጦ አሳየ። ስንጥቁ ከቡሎኑ ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ ሮንዴላው ግድግዳው ውስጥ ሰምጧል። «በቱቦ ነው የጠበቀው» አለ። ድምፁን አላነሳም።

ጋሽ ደምሴ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ልጆቼ፣ ቱቦ ያየ አለ?»

አንዳቸውም ቀና አላሉም። «አላየንም ጋሼ።»

«ቱቦውን እኔ አውጥቼላቸዋለሁ» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሳልጠየቅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ልክ ናት!» አለ ጋሽ ደምሴ፣ ጉልበቱን መታ አድርጎ። «ሊቅዬ አትዋሽም። ምሳ ስንበላ ለጥላ ድንኳን ማቆሚያ ወስደነዋል። በእንግሊዝኛ ድንኳን ምንድን ነው፣ ሊቅዬ?» ሳቁ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። ሙከራው እዚያች ሳቅ ላይ ሞተ።

መሐድ ግን አልተወም። «አንድ ፖል ስጡኝ» አለ። «ራሴ ልትከለው፣ ራሴ ላጥብቀው። የዘንድሮን ነፋስ ካላለፈ እኔው ልሂድ።» ሥራ አስኪያጁ ተከዘና ፈቀደ። «ደምሴ፣ አንተ ተከታተልና ንገረኝ» ብሎ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ።

ቦታውን የመረጠው ጋሽ ደምሴ ነው። ወደ ቱሊ ጉሌድ መውጫ፣ ወተት ሻጮቹ የሚደረደሩበት ዳር። «ሕዝብ ይየው» አለ።

ረፋድ ላይ ነው። ሮንዴላ ይዤ መጥቼ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። ምሰሶው ቆመ፤ መሰላሉ ተደገፈ። መሐድ ቀበቶውን አስሮ ወጣ። ያን ያህል ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ በየእርከኑ እየቆመ ነው የወጣው። መስቀለኛውን ብረት ገጠመ፣ ሮንዴላውን አስገባ፣ በእጁ ቁልፍ ብቻ አጠበቀ። ጨረሰ። ወደ ታች አይቶ ፈገግ አለ።

ጋሽ ደምሴ፣ «መሰላሉን ጫኑት፣ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል» አለ።

ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ቆሙ። ደግሞ አላዘዘም፤ ዝም ብሎ አያቸው። መሰላሉን ከምሰሶው አንስተው መኪናው ላይ ጫኑት። እሱ መንገዱን ተሻግሮ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጠና ሻይ አዘዘ።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ልጆች ተሰበሰቡ፣ ባጃጆች ቆሙ። «ዋሪያ፣ አንተ፣ ከዚያ ላይ ሐርጌሳ ይታያል?» የሚል ነበር። መሐድም ሳቀ፤ ቀልድ ነው፣ ያልፋል ብሎ። ፀሐዩ ከፍ ሲል ሳቁ ቀነሰ። መሐድ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ምሰሶውን አቅፎ፣ ፊቱን ከፀሐይ እያዞረ ቆየ። አይጮህም። ሁላችንም የገባን ያኔ ነው፤ ጋሽ ደምሴ የሚጠብቀው ጩኸት ነው፣ ልጁም ይህን አውቆ ከንፈሩን ነክሷል።

ተሻግሬ ሄድኩ። «ጋሽ ደምሴ፣ መሰላሉን ያስመልሱለት።»

«ለምን? ያ ሁሉ መጽሐፍ አወጣጥ ብቻ ነው እንዴ የሚያስተምረው፣ ሊቅዬ? አወራረድ የለውም?»

ወደ መኪናው ሄጄ የመሰላሉን ጫፍ ያዝኩ። ብቻዬን ላነሳው አልቻልኩም። «ከድር፣ በአላህ፣ አንድ ጊዜ» አልኩት። ከድር መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል። ተካ አንድ እርምጃ መጣ፤ «እ... እ...» አለ፤ ጋሽ ደምሴ ከበረንዳው ሆኖ እጁን ከፍ ዝቅ ሲያደርግለት አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ከዚያ ኤዶ ሀዋ መጣች። ወተቷን ለጎረቤቷ ትታ፣ ሻሿን እያስተካከለች፣ በረንዳው ሥር ቆመች። አማርኛዋ የገበያ ነው።

«ደምሴ፣ ያ ልጄ ነው። ፀሐይ ነው። አውርድ።»

«ኤዶ ሀዋ! ያስተማርሽው ከፍ እንዲል አይደለም? ይኸው ከፍ ብሏል። ምን ጎደለሽ?»

«ወላሂ፣ አንድ ልጄ ነው። አንተ አላህ አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ፖሉን ግን እሱ ነው የተከለው፣ እኔ የለሁበትም።»

ኤዶ ሀዋ ዙሪያዋን አየች። የምታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ቆመው ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ጉልበቷን አጠፈች፤ እጇ ወደ ጋሽ ደምሴ ጫማ ሄደ።

መሐድ ከላይ ሆኖ ይህን አየ። «ሆዮ!» ብሎ ጮኸ፤ እናቴ ማለቱ ነው። ተነሺ እያለ በሶማልኛ ጮኸ። አልተነሳችም። ያኔ በአማርኛ፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ፣ «ጋሽ ደምሴ! በቃኝ! እለምንዎታለሁ፣ በቃኝ!» አለ።

ጋሽ ደምሴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጆሮውን ወደዚያ አዘነበለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ልክ እንጨት እንደሚሰማው።

«ጮኸ» አለ። «በቃው። አውርዱት።»

መሐድ ወርዶ በመጀመሪያ የእናቱን ቀሚስ ከአቧራው አራገፈ። ከዚያ ቁልፉን መለሰልኝ፤ የንብረት ክፍል ዕቃ ነዋ። ከንፈሩ ደም ነበረው። «አባዮ፣ ቡሎኑን እዪው» አለኝ። «ይሄን ሁሉ ሰዓት ተንጠልጥዬበት አልተነቃነቀም።»

ጋሽ ደምሴ ለሥራ አስኪያጁ በስልክ የነገረውን ከጎን ሆኜ ሰምቻለሁ። «ፖሉስ ቆሟል፤ ልጁ ግን ከፍታ ላይ ደንግጦ፣ ሕዝብ ፊት አለቀሰብን። ሠራተኛው ከእንግዲህ እንዴት ይታዘዘዋል?» ከዚህ ውስጥ ውሸት የሆነች አንዲት ቃል ፈልጌ ነበር፤ ማልቀሱን ብቻ ነው ያገኘሁት። መሐድ ወሩ ሳያልቅ ለቀቀ። አይሻ ከተማ ሄዶ ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ ማስተላለፍ ጀመረ አሉ። ኤዶ ሀዋ ወተት የምትሸጥበትን ቦታ ቀየረች። የተረፉት ግራጫ ምሰሶዎች ግቢው ጥግ ተከምረው ቀሩ፤ እኛም ወደ ባሕር ዛፋችን ተመለስን።

እኔ ለራሴ አንድ ነገር ስነግረው ኖሬያለሁ። ቱቦው ልማድ ነው እል ነበር። የእንጨት ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ እስኪጮህ ሲያጠብቅ የኖረ እጅ በአንድ ቀን ንግግር አይለወጥም፣ ያ ልጅ ያለውን ሰምቶ አላመነውም፣ አልገባውም። የመሰላሉ ነገር ጭካኔ ነው፤ የቡሎኑ ግን ስሕተት ነው። ይህችን ልዩነት አጥብቄ ይዣት ነበር። ያለሷ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» ልለው አልችልም ነበር።

ዓመታት ሄዱ። የጋሽ ደምሴ ጆሮ መድከም ጀመረ፤ ማንም ደፍሮ አይነግረውም። ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ «ደህና ነው» ይላል። ተካ በዚያ ዘመን ምሰሶ ወጪ ሆኖ ነበር። ደህና የተባለ ምሰሶ ከሥሩ ተቆርጦ ይዞት ወደቀ፤ አንድ እግሩን አጣ። ጋሽ ደምሴ ብርቱካን ይዞ ሐኪም ቤት ጠየቀው፤ እኔም ነበርኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብርቱካኑን እየላጠለት፣ «አይዞህ፤ አሁን እንግዲህ ቀስ ብለህ የምትናገርበት ጊዜ አገኘህ» አለው። ተካ ሳቀ። ማንም ሳያስገድደው ነው የሳቀው።

የሚያሠራን መሥሪያ ቤት ከዚያ አደጋ በኋላ በእንጨት ምሰሶ መሥራት በቃ አለና፣ በአይሻ በኩል ብዙ የፋይበርግላስ ምሰሶ አስገባ። ከቱሊ ጉሌድና ከሌሎች ከተሞች አዳዲስ ሠራተኞች ለሥልጠና ወደኛ ግቢ መጡ። በአካባቢው ይህን ምሰሶ ተክሎ የሚያውቅ ማን አለ ተባለ። ቱሊ ጉሌድ መውጫ ላይ ሳይነቃነቅ የቆመ አንድ አለ፤ የተከለው የደምሴ ቡድን ነው ተባለ። ጋሽ ደምሴ አሠልጣኝ ሆኖ ተመደበ።

የሥልጠናው ቀን መነጽር አድርጎ፣ ኮሌታው እንደነጣ፣ በመሀላቸው ቆመ። መዶሻዋ አልነበረችም። አንድ ፈርጣማ ሠልጣኝ መሬት ላይ በተጋደመው ምሰሶ ቡሎን አስገብቶ ቁልፉን በሁለት እጁ ተጫነ። ሲጥ የምትል ቀጭን ድምፅ ተሰማች። ጋሽ ደምሴ ፈጥኖ እጁን በልጁ እጅ ላይ አኖረ።

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ። ሰፊ ሮንዴላ ከውስጥም ከውጭም ይገባል። ከዚያ በእጅ ቁልፍ ብቻ፣ ያለ ቱቦ። ይሄ እንጨት አይደለም። ሲጮህ ተሰብሯል ማለት ነው።»

የያዝኩት የሮንዴላ ካርቶን ከበደኝ። መሐድ ያኔ ካለው ላይ አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት ቃል አልቀነሰም። ለሻይ ሲበተኑ ተጠጋሁት።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይህን መቼ ነው ያወቁት?»

መነጽሩን በመሐረብ እየጠረገ ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄው አልከበደውም፤ እንዲያውም የገረመው ይመስላል።

«የዛን ዕለት ነዋ። ልጁ ሲያስረዳ አብረን አልነበርንም እንዴ? ጥሩ አድርጎ ነው እኮ ያስረዳን።»

መነጽሩን መልሶ አድርጎ ወደ ሠልጣኙ ሄደ። ከጎኑ ቁጭ አለ፤ ቁልፉን ከእጁ ወሰደና፣ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ዳዶውን ቀስ አድርጎ አዞረለት።

«አየህ? እንዲህ» አለው። «አትጨክንበት።»